ያልሠራችው ስህተት

የሆስፒታሉ ሰው ሁሉ «ሰንጣቂዋ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው። እሱ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ እሷ ደግሞ ከበሽተኛ አካል የተቆነጠረ ሥጋ በሰም አጠንክራ፣ ከፀጉር ውፍረት ሃያ እጥፍ በሚያንስ ስስነት እየቆረጠች መስታወት ላይ የምትዘረጋ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። «እኔ ፀጉር እቆርጣለሁ፣ እህቴ ፀጉር ትሰነጥቃለች» ይል ነበር ወንበሩ ላይ ለተቀመጠ ሁሉ። ቀልዱን ከሰሙት ደንበኞች አንዱ የሆስፒታሉ አናጢ ነበርና ይዞት መጣ። ከዚያ ወዲህ በእውነተኛ ስሟ የሚጠራት የለም ማለት ይቻላል፤ ደረቷ ላይ ያለው ባጅ ራሱ ፊደሉ ለቋል።

ስሙ ደግሞ ልክክ ብሎላታል። የሰው ቤት ገብታ የተንጋደደ ሥዕል ካየች ሳታቃና አትቀመጥም። የወንድሟ ሚስት «እሷ የምትመጣ ቀን ቤቱ ራሱ ይጨንቀዋል» እያለች ትስቃለች። ሥራ ላይማ አያድርስ ነው። ናሙናው ፎርማሊን የሚባል ማቆያ ፈሳሽ በተሞላ ትንሽ ብልቃጥ ሆኖ ይመጣል፤ ከብልቃጡ ወጥቶ ቁጥር ወደተጻፈባት የፕላስቲክ ሣጥን ይገባል፤ ሣጥኗ ሌሊቱን በማሽን ውስጥ አድራ ጠዋት ሰም ይፈስባታል። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ እሷ የምትፈራው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ሥጋው ከብልቃጥ ወደ ሣጥን የሚሻገርበትን። አንዱ ብልቃጥ ሳይከደን ሌላው አይከፈትም። ሁለት ብልቃጥ ጎን ለጎን ተከፍቶ ካየች የምትናገረው ነገር ለጆሮ አይመችም። «ካምታታሽ አንዱን በሌላው በሽታ ታክሚዋለሽ፣ ያኛውን በበሽታው ታሰናብቺዋለሽ» ትላለች ለአዲስ ሠራተኛ። ከዚያ አንድ ጣቷን ቀና አድርጋ፣ «ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። አንድም አላምታታሁም!» ትላለች። ጉራዋ ያስጠላል፤ ግን እውነት ነው።

የሚሠሩበት ክፍል ምድር ቤት ነው። መስኮቱ ጣሪያው ሥር ስለሆነ ከውጭ የሚታየው የሰው እግር ብቻ ነው። አንድ መቁረጫ ማሽን፣ ለብ ያለ ውሃ የያዘ ጥቁር ገንዳ፣ ማቅለሚያ ብርጭቆዎች፣ ጥግ ላይ ደግሞ አሮጌ ማይክሮስኮፕ አለ። ማይክሮስኮፑ ቀለሙ በደንብ መያዙን ለማየት የተቀመጠ ነው። እሷ ግን ከቀለሙም አልፋ ታያለች። ሐኪም አይደለችም፤ ቢሆንም ሃያ ሁለት ዓመት ያየ ዓይን የሚያየውን ያውቃል። ብዙ ጊዜ መስታወቱን ወደ ላይ ስትልክ ምን ተብሎ እንደሚመለስ ቀድማ ገምታ ነው። ስትስት አልታየችም።

ወንድሟን «ጋሼ» ነው የምትለው። እናታቸው ስትሞት እሷ ዘጠኝ ዓመቷ፣ እሱ አሥራ ሰባት ነበር። ትምህርቱን ትቶ የሰው ፀጉር እያስተካከለ አሳደጋት፤ ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን ጎንጉኖ ትምህርት ቤት የሚልካት እሱ ነበር፤ ጉንጉኑም ከጎረቤት ሴቶች ልጆች ሁሉ ያምር ነበር። ሲጋራ አፉ ገብቶ አያውቅም። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፣ ሳል ያዘውና አልለቅ አለው። ሳንባው ውስጥ ዕጢ ተገኘ። ናሙናው ወደ ምድር ቤት ሲወርድ የቤተሰብን ናሙና ሌላ ሰው ይሥራው የሚል ልማድ ነበር፤ እሷ ግን «የጋሼን ሥጋ በማንም እጅ አላስነካም» ብላ ራሷ ቆረጠችው።

ያኔ ያየቻቸውን ህዋሳት አትረሳቸውም። ካንሰር ነበሩ፤ ግን ካንሰርም ደረጃ አለውና ወግ ያላቸው ነበሩ። ወፈር ወፈር ብለው፣ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ በባዶ ቦታ ዙሪያ ተደርድረው ነበር። የሳንባ ሽፋን ልጆች መሆናቸው ያስታውቅ ነበር። ቀጥሎ በተደረገው ምርመራ ዘረመላቸው ላይ አንድ ምልክት ተገኘ፤ ለዚያ ምልክት የተሠራ ኪኒን አለ ተባለ። በቀን አንዲት ፍሬ። በስድስተኛው ሳምንት ሳሉ ጠፋ። በሦስተኛው ወር በሳንባው ፊልም ላይ ዕጢው የአተር ፍሬ አክሎ ታየ። ጋሼ ወደ ወንበሩ ተመለሰ፤ እሷም እንደገና ጉራዋን ጀመረች። አሥራ ስድስት ወር እንዲህ ኖሩ።

ከዚያ ቀኝ ጎኑን ይወጋው ጀመር። «ቆሜ ስለምውል ነው» አለ። ቀጥሎ ሱሪው ሰፋው። በፊልሙ ላይ ጉበቱ ውስጥ ሦስት ጥላ ታየ። በመርፌ ናሙና ተወሰደለት።

ብልቃጡ የመጣው ማክሰኞ ጠዋት ነበር። አብሮት የሌላ ሰው የጉበት ናሙና መጣ፤ የጥያቄ ወረቀቱ «ወንድ፣ ሰባ አንድ ዓመት፣ ጡረታ የወጣ ሾፌር፣ አርባ ዓመት ያጨሰ» ይላል። ሁለቱም ብልቃጥ ውስጥ ያለው ነገር አንድ ነው፤ የክር ቁራጭ የምታህል ነጣ ያለች ሥጋ። እሷም የጋሼን ብልቃጥ ከፈተች። «በል እንግዲህ ጋሼ፣ ጠንክር» አለችው ብልቃጡን፤ ብቻዋን ስለነበረች አላፈረችም። ክሯን በመቆንጠጫ አንስታ ሣጥን ውስጥ አስተኛች፣ ከደነች፣ መቆንጠጫውን አጠበች። ከዚያ የሾፌሩን ከፈተች። ረቡዕ ጠዋት ሁለቱንም ቆረጠች፣ አቀለመች፣ ማይክሮስኮፑ ሥር አደረገች።

መጀመሪያ ያየችው የጋሼን ነው።

እነዚያ ወፍራሞቹ፣ እጅ ለእጅ የተያያዙት የሉም። በእነሱ ቦታ ጥቁር አዝሙድ የተደፋበት ይመስላል። ትንንሽ፣ ጥቁር፣ ገላ የሌላቸው፣ እርስ በርስ የተጨፈላለቁ ናቸው። ይኼን ዓይነት ታውቀዋለች። ብዙ ጊዜ የአጫሾች ነው፤ ከካንሰር ሁሉ ሯጩ ነው፤ ዛሬ ሳንባ ውስጥ ካዩት በወሩ ጉበት፣ አጥንት፣ አንጎል ውስጥ ያገኙታል። የዚህ ዓይነት መስታወት የላከችባቸው ሰዎች ሁለተኛ ናሙና ሲመጣላቸው ያየችው ከስንት አንዴ ነው። መስታወቱን አስቀምጣ የሾፌሩን አነሳች።

የሾፌሩ ላይ ወፍራሞቹ አሉ። በባዶ ቦታ ዙሪያ ተደርድረው፣ ተያይዘው።

አሁን እዚህ ላይ የማንኛውም የላቦራቶሪ ሰው ሐሳብ ወዴት እንደሚሄድ አስቡት። ያላጨሰው ሰው የአጫሽ ካንሰር፣ አርባ ዓመት ያጨሰው ሰው የጋሼን ካንሰር ይዘው ቁጭ ብለዋል። ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ። «ተምታቷል!» አለች ጮክ ብላ። ቀጥሎ የመጣባትን ስሜት እስከ ዛሬ ስታስበው ፊቷ ይቀላል፤ ደስ አላት። ሃያ ሁለት ዓመቷ ገደል ይግባ፣ ከሥራም ያባሯት፣ ብቻ ያ አዝሙድ የሾፌሩ ይሁን። የማታውቀው ሽማግሌ ላይ ሞትን ስታሻግር ልቧ አንዴም አላመነታም።

በምሳ ሰዓት ሰው ሲወጣላት በሩን ዘግታ ሁለቱን የሰም ብሎኮች እንደገና ቆረጠች። ቁጥሩን ሦስት ጊዜ አነበበች። ያው ነው፤ አዝሙዱ ከጋሼ፣ ወፍራሞቹ ከሾፌሩ። ስለዚህ መስታወቱ ላይ አልተምታታም። የቀረው ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ብልቃጡና ሣጥኑ። ማክሰኞን ደግሞ ታስታውሰዋለች። «በል እንግዲህ ጋሼ» ያለችውን፣ ከዚያ የከደነችውን፣ መቆንጠጫውን ያጠበችበትን ውሃ ቅዝቃዜ ሳይቀር ታስታውሰዋለች። ምነው ባላስታወስኩት አለች። በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ፣ በዚያ መስኮት የሚያልፉትን እግሮች እያየች፣ ያስታወሰችውን ለመርሳት ስትታገል ቆየች።

ከሰዓት በኋላ መስታወቱን አይተው የመጨረሻውን ውጤት የሚሰጡት የፓቶሎጂ ሐኪም አስጠሯት። ዶክተሯ ጡረታቸው የደረሰ፣ አንገታቸው በማይክሮስኮፕ ብዛት የጎበጠ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሴት ናቸው። ጠዋት የላከችው መስታወት ፊታቸው ነበር።

«ይኼ የወንድምሽ ነው?» አሉ።

«ቁጥሩ የሱ ነው።»

«መጥፎ ነው፣ እህቴ። ነገር ግን የማይሆን ነገር አይደለም። እንዲህ ያለ ኪኒን ከዋጡ ሰዎች አንዳንዶቹ ላይ...»

አላስጨረሰቻቸውም። «ዶክተር፣ ሁለቱን ብልቃጦች አንድ ላይ ከፍቼ ነበር።»

ዶክተሯ መነጽራቸውን አወለቁ። «ማን? አንቺ?»

«እኔ። ስልክ ተደወለ፣ ተጣደፍኩ። የትኛውን የት እንዳደረግኩ እርግጠኛ አይደለሁም።»

ዓይኗን በጨው አጥባ ነው የተናገረችው። ስልክ አልተደወለም። ዶክተሯ ፊቷን አዩት፤ እሷም የጠረጴዛውን ጠርዝ አየች።

«እንግዲያው ጻፊው» አሉ።

ጻፈች፤ ፈረመች። ወረቀት ከተጻፈ ደንቡ ግልጽ ነው፤ የሁለቱም ሰዎች ውጤት ይታገዳል፣ ሁለቱም ናሙናዎች የዘረመል ምርመራ ወደሚሠራበት ሌላ ከተማ ይላካሉ። የጋሼ የመጀመሪያ ዕጢ ምልክቱ ይታወቃል፤ አሁን የትኛው ላይ እንደሚገኝ ይታያል። የካንሰር ሐኪሙ እስከዚያ ጋሼን ያንኑ ኪኒን እንዲቀጥል ነገረው። ለሾፌሩ ምንም አልተሰጠውም።

ያን ቀን ማታ ወንድሟ ቤት ሄደች። ጋሼ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ነበር።

«ውጤቴስ፣ ሰንጣቂዋ?»

«ትንሽ መጣራት ያለበት ነገር አለ።»

«አንቺ የቆረጥሽው ደግሞ ምን መጣራት አለበት?» አለና ሚስቱን ጠቀሳት። «ልጄ፣ አንቺ እኮ ማጣሪያውን ራሱ ታጣሪዋለሽ።»

ሳቀ። ሲስቅ ሳል ያዘው። እሷ ውሃ ልታመጣ ብላ ወጥ ቤት ገባችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆመች። ፈርታለች። ፍርሃቱ እንደ ልጅነቷ ፍርሃት ነበር፤ እናቷ የሞተች ጊዜ እንደነበረው፣ ቤቱ ሳይፈርስ ቤት የሌላት የመሰላት ጊዜ እንደነበረው ያለ። ያኔ ጋሼ ነበር። አሁን ጋሼ ራሱ ቢሄድ ለማን ነው የምትነግረው?

ሐሙስ አንዲት ወጣት ሴት ወደ ውጤት መስጫው መስኮት መጣች። «የአባቴን ውጤት ነበር፤ ሾፌር ነው፣ ማለቴ ነበር» አለች፤ ወረቀቷን በመስኮቱ ቀዳዳ አስገባች። ተረኛው ሠራተኛ መዝገቡን አየና «ይቆያል» አላት። «ስንት ቀን?» «አይታወቅም።» ሰንጣቂዋ ከበሩ ጀርባ ቆማ፣ በክፍተቱ እያየቻት ሰማች። ዓርብም መጣች። ሰኞም መጣች። በሦስተኛው ጊዜ ልጅቱ «አባቴ ሳያውቅ ሲቀር ነው የሚፈራው፣ ቢነግሩን ይሻለናል» ስትል ሰንጣቂዋ መጸዳጃ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፈተችው። ይቺ፣ ሰው ሲያስነጥስ ጓንት ቀይር የምትል ሴት፣ ከአንዲት ልጅ ለመደበቅ የሽንት ቤት በር ቆለፈች።

ማክሰኞ የጋሼን ዓይን አየች። ነጩ ወደ ቢጫ ዞሯል። ሚስቱ አላስተዋለችም፤ መብራቱ ነው አለች። የሰንጣቂዋ ዓይን ግን መብራት አያታልለውም። ጉበቱ እየተሸነፈ ነው።

በማግሥቱ ሳትጠራ ወደ ዶክተሯ ክፍል ወጣች።

«ዶክተር፣ ህዋስ ዘሩን ይለውጣል?»

«ያን ዕለት ልነግርሽ ነበር፤ አላስጨረስሽኝም። ተቀመጪ።» ወንበሩን ሳቡላት። «የወንድምሽ ካንሰር በአንድ ትእዛዝ ነበር የሚኖረው። የህዋሱ ቆዳ ላይ ያለች አንዲት መልእክት ተቀባይ ተበላሽታ ‹ተባዛ፣ ተባዛ› እያለች ሌት ተቀን ትጮኻለች። ኪኒኑ የዘጋው የእሷን አፍ ነው። ትእዛዙ ሲቋረጥ ብዙዎቹ ሞቱ። ጥቂቶቹ አልሞቱም።»

«ምን ሆኑ?»

«ያንን ትእዛዝ መጠበቅ ተዉ። ሥራቸውን ለቀቁ በይው። እያንዳንዱ ህዋስ ውስጥ የሌላውም ዓይነት ህዋስ አሠራር ተጽፎ አለ፤ የማያስፈልገው ተዘግቶ ነው የሚኖረው። መዝጊያዎቹ ሲበላሹ እነዚህ የተዘጋውን ገለጡት። የሳንባ ሽፋን መሆናቸውን ጣሉ፣ ጎረቤታቸውን የያዙበትን እጅ ለቀቁ፣ አነሱ፣ ጠቆሩ፣ መንገድ ጀመሩ። በሌላ መልእክት ነው አሁን የሚኖሩት። ኪኒኑ ቢመጣ የሚዘጋው አፍ አያገኝም።»

«ኪኒኑ ነው እንዲህ ያደረጋቸው?»

«ኪኒኑ ሌሎቹን ገደለ፤ ሜዳው ለእነሱ ቀረ። አሥራ ስድስት ወር ደግሞ ሰጥቶታል፤ ይኼን አትርሺ።»

«ዘረመሉ ላይ ያለው ምልክትስ?»

«እሱ አይጠፋም። ህዋሱ መልኩን ይለውጣል እንጂ የመጀመሪያው ምልክት አብሮት ይሄዳል። ምርመራው የማን እንደሆነ የሚለየው በዚህ ነው።»

ለካ እንዲህም ይሆናል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር አምና ኖራለች፤ የሳንባ ህዋስ ቢታመምም የሳንባ ህዋስ ነው፣ መልኩን አይቶ ማንነቱን መናገር ይቻላል ብላ። የእሷ ሙያ ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነበር። አሁን ከሥሯ ወለሉ የተንሸራተተ መሰላት።

«ይኼ አዝሙድ የመሰለው፣ የተለወጠው... ይቸኩላል?» አለች።

«በጣም። ቶሎ ኬሞ ከተጀመረለት ግን መጀመሪያ ላይ ጥሩ ይመልሳል። ቶሎ ከተጀመረለት።»

ዶክተሯ ሁለተኛውን ቀስ ብለው ነው ያሉት። ዓይናቸውን ዓይኗ ላይ ተክለው ጠበቋት። አሁን መናገር ነበረባት። «ዋሽቻለሁ፤ አንድ በአንድ ነው የከፈትኩት» ብትል ውጤቱ በዚያኑ ሰዓት ይወጣል፣ ጋሼም በማግሥቱ መድኃኒቱን ይጀምራል። ግን ካለች ያ አዝሙድ የጋሼ ሆነ ማለት ነው። እስካላለች ድረስ የማንም አይደለም። ተነስታ «አመሰግናለሁ ዶክተር» አለችና ወረደች። ፍርሃት ሰውን ምን ያህል ክፉ እንደሚያደርገው እኔ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለኝም።

መልሱ የመጣው በዘጠነኛው ቀን ነው። ዶክተሯ ወረቀቱን ራሳቸው ይዘው ምድር ቤት ወረዱ፤ በስንት ዓመታቸው። በሩን ዘጉት።

«ምልክቱ አዝሙዱ ላይ ነው» አሉ፤ የእሷን ቃል ተውሰው። «ያው፣ የድሮው፣ የወንድምሽ። ሾፌሩ ላይ የለም። የሾፌሩ የራሱ የሾፌሩ ነው። የተምታታ ነገር የለም።»

ሰንጣቂዋ ወረቀቱን ተቀብላ ቁጥሩን አነበበች።

«እኔ ያን ቀንም አላመንኩሽም» አሉ ዶክተሯ። «እጅሽን አውቀዋለሁ። ግን ባለሙያዋ ተሳስቻለሁ ብላ ከፈረመች እኔ ውጤት ማውጣት አልችልም። ይኼን ደግሞ አንቺ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ሁለት ሰው ነው ያስጠበቅሽው።»

ጋሼ በማግሥቱ ሆስፒታል ተኛ። የደም ምርመራው ሲመጣ የካንሰር ሐኪሙ ግንባሩን አሸ። ጉበቱ ከሳምንት በፊት እንደነበረው ቢሆን ሙሉውን መጠን እንሰጠው ነበር አለ፤ አሁን የሚችለው ግማሹን ነው፣ እሱንም እየፈራን ነው፣ ከቻለ እንጨምርለታለን። «ከቻለ» የምትለዋ ቃል ሰንጣቂዋ ጆሮ ውስጥ ቀረች።

ኬሞ የሚሰጥበት ክፍል ስምንት ወንበር አለው። ጋሼ ከመስኮቱ አጠገብ ያለው ላይ ተቀምጧል፤ ክንዱ ላይ መርፌ፣ ከራሱ በላይ የተንጠለጠለ ከረጢት። ቢጫነቱ አሁን ለማንም ይታያል። ሚስቱ መድኃኒት ልትገዛ ወጥታለች።

«እኔ ሰው ሳስቀምጥ ነው የኖርኩት፤ ዛሬ እኔን አስቀመጡኝ» አለ። «ፀጉሬን ደግሞ ያለ መቀስ ያወርዱልኛል አሉ። እንዲህ ያለ ተፎካካሪ አይቼ አላውቅም።»

እሷ አልሳቀችም። በርጩማ ስባ ጉልበቱ አጠገብ ተቀመጠች። ነገረችው። ከማክሰኞው ብልቃጥ ጀምራ፣ «በል እንግዲህ ጋሼ» ያለችውን፣ በምሳ ሰዓት የቆረጠችውን፣ የፈረመችውን፣ በሳምንቱ መናገር እየቻለች ዝም ያለችውን። የተጠራቀመ ነገር ሲወጣ እንደሚሆነው መጨረሻ ላይ ቃሉ ከእንባው ጋር ተደባለቀባት። «ግማሽ መድኃኒት ነው የምትወስደው፤ በእኔ ነው። ፈርቼ ነው ጋሼ። ያንተ እንዳይሆን ብዬ ነው።»

ጋሼ ከረጢቱን አየ። ጠብታው ይወርዳል። ፊቱ ላይ ቁጣ ትፈልግ ነበር፤ ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር።

«እኔም ፈርቻለሁ» አለ። ይኼን ቃል ከአፉ ሰምታው አታውቅም፤ እናታቸው የሞተች ጊዜ እንኳ። «ገና ኪኒኑን እየዋጥኩ ሱሪዬ ሲሰፋ ነው የፈራሁት። አንቺን ላለማስፈራት ስቀልድ ነው የከረምኩት።» እጇን ያዘ። እጁ ይሞቅ ነበር፤ ቆዳው ላልቷል። «የኔው ካልሆነ የማን እንዲሆን ነበር?»

«የሌላ ሰው።»

«የትኛው ሌላ ሰው?»

«አንድ ሽማግሌ። ሾፌር የነበረ።»

«እሱስ? መድኃኒት ጀመረ?»

ሰንጣቂዋ አላወቀችም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ስለ እሱ አስባለች፤ ያሰበችው ግን በሽታውን እንዲወስድላት ብቻ ነው። ውጤቱ ከወጣ በኋላም ምን እንደሆነ አልጠየቀችም። ያ ከሁሉ ይልቅ አስደነገጣት።

«አላውቅም» አለች።

«ሂጂና እይ» አለ ጋሼ፤ እጇን ለቀቀ። «እኔ የትም አልሄድም፣ እንደምታይው ታስሬያለሁ።»

የተመላላሽ ሕሙማን አዳራሽ ፎቁን ወርዶ ነው። ደረጃውን ወረደች። ረጃጅሞቹ አግዳሚዎች ሁሉ ሞልተዋል። ያቺን ወጣት ሴት በሁለተኛው መደዳ ላይ አየቻት፤ ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አንገቷን ደፍታ እንቅልፍ ወስዷታል። አጠገቧ ኮቱ የሰፋው ቀጭን ሽማግሌ ተቀምጧል። ሁለት እጆቹን፣ ምንም ሳይዝ፣ መሪ የያዘ ይመስል ጉልበቱ ላይ ዘርግቷቸዋል። የማንን ወረፋ እንደሚጠሩ እየሰማ ወደ በሩ ያያል።

ፊቱ ቆመች። ነጭ ጋዋን አልለበሰችም፤ ዓይኗ አብጧል፤ ለሽማግሌው ከታማሚዎቹ አንዷ መሰለችው። ከጎኑ የነበረውን ፌስታል አንስቶ መሬት አደረገና ቦታውን በእጁ ጠረገላት።

«ተቀመጪ ልጄ» አለ። «ብዙ ያስጠብቃሉ፤ እኛ ይኸው አሥረኛ ቀናችን ነው።»

«እነሱ አይደሉም አባቴ» አለች እንደቆመች። «ያስጠበቅኩዎት እኔ ነኝ።»